የጌታው ዘር ነኝ ያልኩ ለታ

ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ሲኬድ በስተግራ፣ ከአምባሰል ተራሮች ባንዱ ጫፍ ላይ የድሮ ባላባት ያሠራው የፈራረሰ ግምብ አለ። የሀገሩ ሰው «የጌታው ግምብ» ይለዋል። እኔ ግን እስከ ሠላሳ ዓመቴ ድረስ «የኛ ግምብ» ነበር የምለው። ወጥቼበት አላውቅም። የራሱን ቤት ለመጎብኘት የሚቸኩል ማን አለ?

ወሬውን ያመጣው አባቴ ነው። አባቴ ሐይቁ ዳር የዓሣ መረብ ሲሠራና ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ቤታችን ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈስ ነበር። ዝናቡ አልጋው ላይ ጠብ ሲል እናቴ ጣሳ ትደቅናለች፣ አባቴ ደግሞ «አይዟችሁ፣ እኛ የጌታው ዘር ነን» ይላል። በልጅነቴ የጌታ ዘር መሆን ማለት ጣሳ ውስጥ የሚንጠባጠብ ውኃ እየሰሙ መተኛት ይመስለኝ ነበር። ቢሆንም ወደድኩት። ትምህርት ቤት ስደበደብ እንኳ የጌታው ዘር ሆኜ ነው የተደበደብኩት። አድጌ የባዮሎጂ መምህር ስሆን፣ ስለ ዘር ውርስ ባስተማርኩ ቁጥር ምሳሌው እኔ ነበርኩ። «ይህ ሰፊ ግንባር ከግምቡ የወረደ ነው» እላለሁ። ግንባሬ የሰፋው ፀጉሬ እየሸሸ መሆኑን ተማሪዎቼ አክብረውኝ ዝም ይላሉ።

የዛሬዋ ባለቤቴ ያኔ ሐይቅ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች። ያደገችው ደሴ ነው፤ አያቷ ግን የሚኖሩት ከዚያው ግምብ ሥር ነበር። ሽማግሌ ልልክ ስዘጋጅ አያቷ «መጀመሪያ ልጁን ልየው» አሉ። በነሱ ቤት ያለ እሳቸው ቃል የሚሆን ነገር የለም። «ግምቡን ሳያሳዩህ አይለቁህም» ብላ አስጠነቀቀችኝ። እኔም ሱሪዬን አስተኩሼ፣ አዲስ ነጭ ሸራ ጫማ ገዝቼ አብሬያት ሄድኩ። ለዳገት ነጭ ጫማ የሚገዛ ሰው ለምን ያህል ቁም ነገር እንደሚታጭ እናንተው ፍረዱ።

እሷ እቤት ቀረች፤ ሽማግሌው አያቷ በትራቸውን ይዘው ከፊት፣ እኔ እያለከለክሁ ከኋላ ወጣን። ሲጠብቁኝ እንዳያሳፍሩኝ ቆም ብለው ማሽላቸውን የሚያዩ ይመስላሉ። ማሽላው ሲያልቅ ድንጋይ ማየት ጀመሩ። ለአፍ ዳገት የለውም ይባላል፤ በእውነትም ያን ቀን ያላለከለከው አፌ ብቻ ነው።

ላይ ስንደርስ የቀረው ሁለት ግድግዳና አንድ የበር ቅስት ነበር። አዳራሹ መሃል ቁልቋል በቅሏል፣ ጥላው ሥር ፍየሎች ተኝተዋል። ከታች ሐይቁ ይታያል። እጄን ግድግዳው ላይ አሳርፌ፣ ሚኒባስ ውስጥ ስለማመደው የመጣሁትን ንግግር ለቀቅሁት።

«አባባ፣ የመጣሁት ሰው ቤት አይደለም። እኔ የጌታው ዘር ነኝ፤ ይህ የአያቶቼ ቤት ነው።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «እኔም እኮ የጌታው ዘር ነኝ! የሥጋ ዘመዴ!» ብለው ጥምጥም አሉብኝ። ሠርጉ እዚያው ያለቀ መሰለኝ። «እስቲ ቁጠርልኝ» ሲሉኝ አባቴ ያስጠናኝን አያቶች አንድም ሳላስቀር እስከ ጌታው ድረስ ዘረዘርኩ። እሳቸውም የልጅ ልጃቸውን ይዘው በጣታቸው ቆጠሩ። በኛ በክርስቲያኖቹ ዘንድ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም፤ ከዚያ ወዲህ የተገናኘ ሁሉ እህትና ወንድም ነው። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ፤ ጉራዬን ስነፋ ግን ትዝ አላለኝም።

«በስድስት ቤት ተገናኘን» አሉ ደስ ብሏቸው። «አንድ ቤት ጎደለ። እንግዲህ እህትህ ናት። እግዜር ይመስገን፣ ሳንድር ሰማነው!»

እቤት ስንመለስ ዶሮ ታረደልኝ። ጎረቤቱ ሁሉ «ዘመዳችን ተገኘ» እየተባለ እየመጣ ሳመኝ። እሷም በአያቷ ትእዛዝ እንደ ወንድም ጉንጬን ሳመችኝና ጆሮዬ ሥር «ደደብ» አለችኝ።

ለአባቴ ስነግረው መረቡን ጭኑ ላይ እንዳደረገ አዳመጠኝ። ይቆጣል ብዬ ነበር። «ትወዳታለህ?» አለኝ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። «አዎ» አልኩት፤ እንባዬ መጣ። እሱ ወደ መረቡ ተመለሰ።

በሚቀጥለው እሁድ አባቴ የንስሐ አባታችንንና ሙስሊሙን ጎረቤታችንን ይዞ ተነሣ፤ እኔም ተከተልኩ። ጎረቤታችን መንገድ ላይ ፊቴን አይቶ «አብሽር!» አለኝ። «በኛ በኩል ቢሆን፣ ወላሂ፣ ይህ ሁሉ ቆጠራ ባላስፈለገህ። ከፈለግህ አሁንም አልመሸም።» ቄሱ ሳይቀሩ ሳቁ። አባቴ ብቻ አልሳቀም።

አያቷ ቤት ስንደርስ ተቀመጥ ቢሉት እንቢ አለ። «ግምቡን ልየው» አለ። እሱም እንደኔ ወጥቶበት አያውቅም ነበር። ሁላችንም ተከትለነው ወጣን። ቅስቱ ሥር ቆሞ ብዙ አየ። ከዚያ ግድግዳውን፣ ቀዳዳ እንደሚፈልግበት መረብ፣ በመዳፉ ቀስ ብሎ ዳበሰው። ወደ ሽማግሌው ዞሮ ሲናገር ድምፁ አልተንቀጠቀጠም።

«ልጁን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። የቆጠረልዎ ስም እስከ አምስተኛው እውነት ነው። ጌታውን የቀጠልኩበት እኔ ነኝ። የኛ አያት ይህን ድንጋይ ተሸክሞ ያወጣ ጭሰኛ ነው። ጌታው ስሙንም አያውቀው። ልጆቼ ደስ እንዲላቸው ያወራሁት ነው።»

እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ቄሱ «ትምላለህ?» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ሽማግሌው ከለከሉ።

«ይተውት አባ። ሰው ዘሩን ከፍ ለማድረግ ይዋሻል እንጂ ዝቅ ለማድረግ አይዋሽም።»

በዚያው ቃል ተዳርን። ስንወርድ አባቴ ወደ ኋላ ቀረ፤ ዞር ብዬ ሳየው ቅስቱን እያየ ነበር። እውነቱ እቤት የነገረን ይሁን እላይ የተናገረው፣ እስካሁን አልጠየቅሁትም። ለጉራ የማያንሰው አንደበቴ ለዚች ጥያቄ ሲሆን ይተሳሰራል። እላይ የዋሸ ከሆነ ለኔ ብሎ ያጣው ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሱን መስማት እፈራለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ ስለ ጌታው አውርቶ አያውቅም። እኔም ክፍል ውስጥ ግንባሬን ለምሳሌ መጥቀስ ትቻለሁ።

ባለፈው ፋሲካ ቤተሰቡ ሁሉ አያትየውን ሊጠይቅ ሄዶ፣ አባቴና እኔ ትንሿን ልጄን ይዘን ግምቡ ላይ ወጣን።

«አባባ፣ ይህ የማን ቤት ነው?» አለችው።

አባቴ መጀመሪያ እኔን አየኝ። «የእናትሽ አያቶች» አላት። «አንቺ የጌታው ዘር ነሽ።»

«አንተስ?»

«እኔማ ድንጋዩን ካወጡት ወገን ነኝ» አለ። ከቅስቱ ሥር የወደቀውን አንድ ድንጋይ በጋቢው ጫፍ ጠርጎ እሷን አስቀመጠና፣ እሱ አጠገቧ ቆመ።