ከሚስማሩ ስር የነጣው ግድግዳ

ፎቶውን ከግድግዳው ያወረድኩት እኔ ነኝ። ያዘዘኝ ሌላ ሰው ነው፤ እጁ ግን የኔ ነው።

መካኒሳ አቦ በተከራየሁበት ግቢ፣ ከክፍሌ ፊት ለፊት አንድ ሕንዳዊ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ዕድሜያቸውን ክር ፋብሪካ ማሽን ሲጠግኑ ጨርሰው፣ አገራቸው የሚጠብቃቸው ሰው ስላልነበረ እዚሁ ቀሩ። ጋሼ እንላቸዋለን። የጥጥ ብናኝ ሳንባቸውን ጨርሶታል።

ከአልጋቸው ትይዩ የአንድ ቅዱስ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ዓይኑን ጨፍኖ የተቀመጠ ሽበታም። ያረፈበትን ቀን በየዓመቱ ጾመው ያስባሉ። ሻማ ያበራሉ፣ በሰሃን ስኳር ፎቶው ስር ያስቀምጣሉ፣ ከዚያ በእጃቸው ያቀምሱኛል።

"ብላ፣ ጾም አያስገድፍም።"

"ጋሼ፣ እኔ እኮ አልጾምም።"

"ገጣሚ ነኝ ትላለህ፣ በፈቃድህ ተርበህ አታውቅም።"

ቅዱሱ ዝቅ ተደርጎ ከሚታይ ወገን ስለተወለደ ቤተ መቅደስ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር፣ አሉኝ። ከሕንጻው ጀርባ፣ ከቦዩ አጠገብ ተቀምጦ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ የአምላኩን ስም ሲጠራ ኖረ። ሸምግሎ በሩን ሲከፍቱለት "እዚሁ ለምጃለሁ" አላቸው። እኔ ሥራ በለመድኩ ቁጥር የምለቅ ሰው ነኝ፤ አንድ ቦታ እንደዚያ መቀመጥ አይገባኝም ነበር።

ዘንድሮ ከአልጋ መነሳት አቃታቸው። አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ። "ስሞት እሱን እያየሁ ልሙት።" እሺ አልኳቸው።

የአከራያችን የንስሐ አባት ግቢውን ጸበል ሊረጩ በሚመጡበት ጠዋት፣ አከራያችን ክፍሌ በር ላይ ቆሙ።

"አንተ ልጅ፣ ያንን ፎቶ ለአንድ ሰዓት አውርድልኝ። አባ ቢያዩት ምን ይሉኛል?"

"እትዬ፣ ሰውየው እኮ እያጣጣሩ ነው።"

"ለዘላለም አላልኩህም። ተረጭቶ ሲያልቅ ትሰቅለዋለህ። ቤቱ የኔ ነው አይደል?"

የመጨረሻዋ ቃል ለኔም ነበረች። ጋሼ ተኝተው ነበር። ፎቶውን በጋዜጣ ጠቅልዬ አልጋዬ ስር ከተትኩና ክፍሌን ቆለፍኩ።

አባ በየክፍሉ እየረጩ ጋሼ ጋ ሲደርሱ ተከትያቸው ገባሁ። ጋሼ ነቅተዋል። ዓይናቸው ሚስማሩ ላይ ነው። የሻማ ጢስ ባጠቆረው ግድግዳ ላይ ፎቶው የነበረበት ቦታ ብቻ ነጥቷል። አባም አዩት።

"እዚህ ምን ነበር?"

አከራያችን መሬት መሬቱን አዩ። "የሃይማኖታቸው ሰው ፎቶ ነው፣ አባቴ። እርስዎ እንዳይቆጡ ብዬ..."

"እኔ ልረጭ ነው የመጣሁት። ከሚሞት ሰው ፊት ዕቃ ይነሳል?" ወደኔ ዞሩ። "ሂድ፣ አምጣው።"

ሮጥኩ። ቁልፉ ሁለቴ ከእጄ ወደቀ። ፎቶውን ይዤ ስመለስ አባ የጋሼን ዓይን በእጃቸው እየከደኑ ነበር።

"ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ነበር፤ ወደ ግድግዳው እያዩ" አሉኝ። "ቋንቋቸውን አላውቀውም።"

ቅዱሱንም ግድግዳ በቅቶት ነበር ብዬ ልጽናና ሞከርኩ። አልሆነም። እሱ በሩ ተከፍቶለት ግድግዳውን ራሱ መረጠ። ለጋሼ የመረጥኩላቸው እኔ ነኝ።

ፎቶው አሁን እኔ ክፍል ነው። የቅዱሱ ቀን ሲደርስ ከጠዋት ጀምሮ እህል ሳልቀምስ ዋልኩ። ሻማ አበራሁ፣ ስኳሩን በሰሃን አስቀመጥኩ። በእጁ የሚያቀምሰኝ ስላልነበረ አልነካሁትም። ጉንዳን ወረሰው።