ከመርሳ የመጣው በር

ሚስቴን ከመርሳ ወደ ወልድያ ያመጣኋት በአንድ ቃል ነው፦ በር ያለው መታጠቢያ ቤት። መርሳ ሴቶቹ ለብቻቸው የሚወርዱበት፣ ዛፍ የከለለው የወንዝ ጥግ አለ። እኔ በተከራየሁት የቀበሌ ቤት ግን መታጠቢያ የሚባለው፣ ከጀርባ የተለጠፈ፣ በጆንያ የተጋረደ ጎድጓዳ ነበር። ነፋስ ጆንያውን ሲገልበው፣ ከሐራ ገበያ የሚመለሰው አህያ ሳይቀር ቆሞ ያየን ነበር።

«በሩ የታለ?» አለችኝ፣ ገና ሻንጣዋን ሳታወርድ።

«ይመጣል» አልኳት።

መጣም። አባቷ የድሮ ቤታቸውን የዋንዛ በር ነቅለው፣ ከነማጠፊያውና ከነቁልፉ በጭነት መኪና ላኩልኝ። «በሩ ከእኔ፣ ግድግዳው ከአንተ» ብለው።

ግድግዳው ከእኔ ማለት እንግዲህ ከእኔና ከጎረቤቴ ነው። ግቢያችን አንድ፣ መሥሪያ ቤታችን አንድ፤ ባለፈው ክረምት ጣሪያውን አብሬው ጠግኛለሁና ወንፈሉን ሊመልስልኝ መጣ። አሮጌውን ግድግዳ አፍርሰን ጭቃና ጭድ በእግራችን ስንረግጥ ሰነበትን። በእኛ አገር ጭቃ አብሮ የረገጠ ከእናት ልጅ አያንስም። ሲሚንቶ ያኔ ከወርቅ ይልቅ ብርቅ ነበር፤ ያገኘናትን እንደ በርበሬ ቆንጥረን ወለሉ ላይ ነሰነስንና የቀረውን በወንዝ ድንጋይ ሞላነው። ጣሪያው ላይ በርሜል ሰቀልን፤ የወተት ዱቄት ጣሳ በሚስማር በሳስተን ቧንቧው ጫፍ ላይ አሰርን። ሻወር ማለት ያ ነው።

የመጀመሪያውን ውሃ ብንለቀው፣ ወደ ጓሮ መውረዱን ትቶ ወደ መኝታ ቤቴ ገሰገሰ።

«እኔ ወንዙን ትቼው መጣሁ ብል፣ ወንዙ ተከትሎኝ መጣ!» አለች ሚስቴ አልጋው ላይ ቆማ።

«አብሽሪ!» አለ ጎረቤቴ። ወለሉን አብሮኝ ፈንቅሎ ቁልቁለቱን ወደ ጓሮ አዞረልኝ። ያን ቀን ቢጠይቀኝ አንድ ዓይኔን አውጥቼ እሰጠው ነበር።

ሲያልቅ ዝም ብለን ብንታጠብ ምን ነበረበት? የወሎ ሰው ግን ያላስመረቀው ነገር የሚበረክትለት አይመስለውም። የግቢያችንን አዛውንት ሼህ ጠራን፤ ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ መታጠቢያ ቤት ያስመረቀ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

«ይመርቁልን አባባ።»

«አላህ ውሃውን በረካ ያድርገው፤ ከክፉ ዓይን ይሰውረው።»

ከሁሉ አስበልጦ «አሚን!» ያለው ጎረቤቴ ነበር። እንግዳው ሲበተን ሚስቴ በሩን ከውስጥ ቆለፈች። ወልድያ ከገባች ያን ቀን ነው ስታንጎራጉር የሰማኋት።

በሚቀጥለው እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ሊቀመንበሩ «ሌላ ሐሳብ ያለው?» ሲሉ ጎረቤቴ እጁን አወጣ። እስከዚያ ቀን «ወንድሜ» እንጂ በሌላ ጠርቶኝ አያውቅም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ ጓድ በሕዝብ ቤት ላይ ትርፍ ክፍል ሠርቶ ለግሉ ቆልፏል።»

ከዚያ በርሜሉን፣ ጣሳውን፣ የወለሉን ቁልቁለት ሳይቀር ዘረዘረው። ቁልቁለቱን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነበርን።

ተወሰነ። ክፍሉ የግቢው ሕዝብ ሆነ፤ ቁልፉን እንድናስረክብ ታዘዝን። ቁልፍ ያዥ ሆኖ የተመረጠው እሱው ነው።

«አንተ፣ ጭቃውን አብረን አልረገጥንም?» አልኩት ስንወጣ።

«አብሽር» አለኝ፤ «ተራ ይደርስሃል።»

ወሬውን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሚስቴ ስትሰማ አላለቀሰችም። መዶሻና ጉጠት ይዛ ወጣች። እሱ ቁልፉን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ እየሮጠ መጣ።

«እህቴ፣ የሕዝብ ንብረት ነው!»

«ክፍሉን ውሰድ። በሩ የአባቴ ነው፤ መርሳ ሄደህ ውረሰው!» ብላ ከነማጠፊያው ነቀለችው።

ጆንያው ተመልሶ ተሰቀለ። በሩን መኝታ ቤታችን ጥግ አቆምነው፤ ሚስቴ ከኋላው ሆና በሳፋ ትታጠባለች። በር ብዬ ነበር፣ በሩ አለ፤ የጠፋው መታጠቢያ ቤቱ ነው።

እሱ ቁልፉን አላወለቀም። በወልድያ ሰማይ ሥር የሚከፍተው ነገር ባይኖርም፣ በደጄ ባለፈ ቁጥር ደረቱ ላይ ሲያቃጭል እሰማለሁ። ሰላም ይለኛል፤ እመልሳለሁ። ግን ከዚያ ወዲህ ግድግዳዬ ሲሰነጠቅ ጭቃውን የምረግጠው ብቻዬን ነው።