ሚስ ሩት የሣሉት ደረጃችን

ልጄ የቫዮሊኗን ደጋን ሙጫ ስትቀባ፣ ሽታው ቴክሳስ፣ ሪቻርድሰን ከተማ ወደሚገኘው የሚስ ሩት ጋራዥ ይመልሰኛል። ሚስ ሩት እማዬ በሥራዋ ትንከባከባቸው የነበሩ አሮጊት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቴክሳስን ትንንሽ ከተሞች እየዞሩ የድሮ ፍርድ ቤቶችንና የባቡር ጣቢያዎችን በመዳብ ሰሌዳ ላይ ይሥሉ ነበር። የሙጫ ዱቄት በሰሌዳው ላይ ነስንሰው፣ ከሥር አሙቀው ካጣበቁት በኋላ አሲድ ውስጥ ይነክሩታል፤ አሲዱ በዱቄቱ መሃል እየገባ የበላው ቦታ ቀለም ይይዝና ወረቀቱ ላይ ጥላ ይሆናል። ብዙ ከቆየ ይጠቁራል፣ ጥቂት ከቆየ ይሳሳል።

በሰመር ትምህርት ሲዘጋ ልጅ የሚይዝላት ስላልነበረ እማዬ ከምንኖርበት ሰፈር ከቪከሪ ሜዶ ይዛኝ ትሄድ ነበር። ሚስ ሩት ስትሮክ መቷቸው ግራ ጎናቸው ስለደከመ የማተሚያውን መዘውር ማዞር አይችሉም ነበር፤ እማዬ ቁርሳቸውን አብልታ፣ መድኃኒታቸውን ሰጥታ ስትጨርስ ታዞርላቸው ነበር።

ሙቀቱ በረድ ሲል ሚስ ሩት «የምትኖሩበትን ቤት ልሣለው» አሉ። እማዬ ሁለት ጊዜ ሰበብ ፈጥራ አለፈቻቸው፤ በሦስተኛው እምቢ ማለት ከብዷት አንድ ቅዳሜ አመጣቻቸውና አፓርታማችን ፊት ፓርክ አደረገች። በታጣፊ ወንበር ተቀምጠው የብረት ደረጃችንን መሣል ሲጀምሩ፣ የታችኛው ቤት ጎረቤታችን ጋሽ ተፈራ ደንግጠው ወጡና እማዬን ጠየቋት።

«አልማዝ፣ ሴትዮዋ ከአከራዮቹ ኦፊስ ናቸው እንዴ? ሊያስወጡን ነው?»

«ኧረ አይደሉም ጋሼ፣ ሠዓሊ ናቸው። ደረጃውን ነው የሚሥሉት።»

«ይሄን ደረጃ?» አሉና ዞረው ደረጃውን ትክ ብለው አዩት። እኔ የክፍሌ ልጆች እንዳያዩኝ ከመኪናው አልወረድኩም።

ብርዱ ሲገባ የመጀመሪያው ወረቀት ታተመ። ደረጃው ሥር ያለው ጥላ ከሰል መስሏል። እማዬ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ «እስር ቤት አስመሰሉትኮ!» አለች። ሚስ ሩት ምን እንዳለች ሲጠይቁኝ ሳላስብ ተረጎምኩላቸው። እማዬ ሥራዋን ያጣች መሰላት።

ሚስ ሩት ወረቀቱን ብዙ ካዩት በኋላ፣ «ታዲያ እዚያ ጥላ ውስጥ ምን አለ?» አሏት።

እማዬ በምትችለው እንግሊዝኛ «ልጆች ይጫወታሉ፤ በርማዊቷ ጎረቤቴ ቃሪያ በባልዲ ተክላለች። ጥላ ነው እንጂ ጨለማ አይደለም» አለቻቸው።

ሚስ ሩት በደህናው እጃቸው መዳቡን በብረት እያሹ ጥላውን ለማሳሳት ሳምንታት ፈጀባቸው። ዛፎቹ ሲያቆጠቁጡ እማዬ እንደገና መዘውሩን አዞረች፣ የወረቀቱንም ጫፍ ራሷ አነሣች። ባልዲው ታየ፤ ከጎኑም የሁለት ልጆች እግር። «አሁን ቤታችን ሆነ» አለች። ሚስ ሩት ከሥሩ በእርሳስ «ለአልማዝ» ብለው ጽፈው ሰጧት። በዓመቱ ልጃቸው እሱ ወዳለበት ሌላ ስቴት ወሰዳቸውና ዳግም አላየናቸውም።

አሁን ከእማዬ ጋር እዚሁ ቴክሳስ፣ ፍሪስኮ የምትባል ከተማ ነው የምንኖረው። ያኔ ጎረቤት ሰላም ሳንል ያንን ደረጃ ወርደን አናውቅም ነበር፤ እዚህ ግን ስሙን የማውቀው ጎረቤት አንድ ነው። ቤቱን እወደዋለሁ፣ ለፍተንበታል። ሊሥለው የሚመጣ ሰው ቢኖር ግን ጥላው ሥር ማንን እንደሚያገኝ አላውቅም።