አባቴ የጠየቀው ፍርድ

ታንኳ የሚሠራበት እርጥብ ደንገል ፀሐይ ላይ ሲሰጣ የሚያወጣው ሽታ ዛሬም በሐይቁ ዳር ሳልፍ ካፍንጫዬ ሲገባ መንገድ ያስቀይረኛል። ሌላው ሰው ደስ ይለዋል፤ እኔን ግን ወደ ጎረቤታችን ወደ እንድሪስ ግቢ፣ ታንኳ ይሠራበት ወደነበረው ቦታ፣ ወደ ጣልያን ዘመን ይመልሰኛል።

አባቴ ጠበቃ ነበር። ፍትሐ ነገሥቱን ዘጌ ገዳም ተምሮ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ባሕር ዳር ዋርካው ሥር ቆሞ ሲሟገት፣ ጥጃ የጠፋባት ሴት ሳትቀር ፍለጋዋን ትታ ትሰማው ነበር። ጣልያን በገባ በሁለተኛው ክረምት የጣልያን ሹም አስጠርቶ «ካሁን ወዲያ ከሳሽ ሆነህ ትቆማለህ» አለው። እናቴ አለቀሰች። እሱ ግን «እኔ እንቢ ብል ጨካኝ ያቆማሉ» ብሎ ተቀበለ፣ አገሩም ባንዳ እያለ ያማው ነበር።

በጋ ሲሆን ግን ሰው ነገሩ ገባው። አባቴ ያደገበት የዋርካ ሥር ወግ እንዲህ ነበር፤ ከሳሽ ትልቁን ቅጣት ይጠይቃል፣ ሽማግሎች ተነሥተው ይማልዳሉ፣ ዳኛ ዝቅ አድርጎ ይፈርዳል። ከሳሹ ከለዘበ ለአማላጅ ቦታ አይቀርም። ስለዚህ አባቴ በሬ ለሰረቀ ስድሳ ጅራፍ ይጠይቅ ነበር፣ ሽማግሎቹ መሬት ስመው ይለምኑ ነበር፣ ሹሙም እያዛጋ አሥር ይል ነበር። አንዱ ተገራፊ በሳምንቱ ቤታችን መጥቶ «አያ ታደገ፣ ስድሳ ሲሉ ጀርባዬ እዚያው ላበው እኮ» እያለ ሲስቅ ትዝ ይለኛል።

ጥር ላይ እንድሪስ ተያዘ። በታንኳው ጥይት ደብቆ ከቁንዝላ ወደ ዘጌ ለአርበኞች ሲያሻግር ነበር ያገኙት። ሚስቱ ዘሀራ በቀትር መጥታ ደጃችን ላይ ቁጭ አለች፣ አባቴም ወጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ነገ ስጮህ ብትሰሚ እንዳትደነግጪ» አላት። «ሞት ነው የምጠይቀው። ከሞት ብጀምር ሽማግሎቹ እስራት ላይ ያቆሙልናል።»

«እርስዎ ሲቆጡ እኮ እኔን ሳቅ ነው የሚይዘኝ» አለች፣ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ። «ለእሱም ይንገሩልኝ፣ ልቡ ቡቡ ነው።»

«ነግሬዋለሁ።»

በማግስቱ ከዘሀራ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘን ወደ ችሎቱ ሄድን። የለመድነው ሹም አልነበረም፤ ከጎንደር የመጣ የጦር ዳኛ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ሽማግሎቹን ከእኛ ጋር በችሎቱ ዙሪያ ከታጠረው የእሾህ ሽቦ ውጭ አስቀርቷቸው ነበር። አባቴ አስቀድሞ ገብቶ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሞ ስለነበር የሽማግሎቹን ውጭ መቅረት አላየም። «ሞት ይገባዋል» ሲል ዘሀራ እጄን ጨብጣ ፈገግ አለች። እንድሪስም ፈገግ ያለ መሰለኝ። አባቴ እንደ ወጉ አማላጆቹን ጠበቀ። ማንም አልተነሣም። ዞር ሲል ሽማግሎቹ ሽቦውን ይዘው ሲጣሩ፣ ወታደሮቹም በሰደፍ ሲገፏቸው አየ።

ዳኛው አንድ ቃል ተናገረ። አባቴ ጠረጴዛው ፊት ተንበርክኮ «ቃሌን አንሥቻለሁ፣ ምሕረት ነው የምለው» እያለ ይለምን ጀመር፣ አስተርጓሚው ግን «ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ፤ የጠየቅኸውን ሰጡህ እኮ» አለው። እንድሪስን የዚያኑ ዕለት ሰቀሉት። ዘሀራ እጄን አልለቀቀችም ነበር፤ እኔ ነኝ መንጭቄ የሮጥሁት።

ክረምቱ ሲገባ እንድሪስ ለታንኳ ያጨደው ደንገል ግቢው ውስጥ እየበሰበሰ ሽታው ቤታችንን ሞላው፣ አባቴም በሩን ዘግቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውል ነበር።

ጣልያን ከወጣ በኋላ መንግሥት ጠርቶ ዐቃቤ ሕግ አደረገው። ለምን እሺ እንዳለ አልገባኝም፤ ስጠይቀው «የከሳሽን ቃል ዋጋ ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል» አለኝ። ዛሬ የሚጠይቀው ሁልጊዜ ትንሹን ቅጣት ነው። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ አፌ ስለተፈታ «አባባ፣ ሌቦች እየሳቁብህ ነው» አልሁት።

«ይሳቁ» አለኝ።

ያን ጊዜ ሞት ሲጠይቅ ማንም አልፈራውም ነበር። ዛሬ ሦስት ወር እስራት ለመጠየቅ ሲነሣ አስቀድሞ ዞር ብሎ አማላጅ መኖሩን ያያል፣ እኔም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ፣ ዳኛው እስኪናገሩ ድረስ ትንፋሼን ውጬ እጠብቃለሁ።