የአንበሪና የባቄላ ሥር ክርክር

ባለፈው ቅዳሜ ከደባርቅ ገበያ እሸት ባቄላ ገዛሁ፤ ጭቃው ገና ያልደረቀ፣ ከነሥሩ የተነቀለ። ልጄ ሥሩን ልትቆርጥ ቢላዋ ስታነሳ «ተይው፣ እሱን እፈልገዋለሁ» አልኳት። ሥሩ ላይ ምስር የሚያካክሉ እብጠቶች ተለጥፈዋል።

ነገሩ የጀመረው በደርግ ጊዜ ነው፤ ዐሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ማንም ሳያስተምረኝ ግጥም እጽፍ ነበር። ከዳባት ወዲያ ሳልሻገር ደብተሬ ሙሉውን ስለ ባሕር ነበር። በመስከረም መጨረሻ የሳይንስ መምህራችን ክርክር አዘጋጁ፦ ዓሣ ነባሪ ይበልጣል ወይስ የአፈር ባክቴሪያ? የረታ ሰኞ ጧት በባንዲራ ሰልፍ ፊት የፈለገውን ያነባል። ባሕሬን ለማንበብ ቋመጥኩ። ዕጣው ሲወጣ ግን ዓሣ ነባሪው ለክፍል ጓደኛዬ ለዘርፌ ደረሳት፤ ባክቴሪያው ለእኔ።

«አይዞህ ገጣሚው፣ ባይታይም አለ በላቸው» ብላ ሳቀችብኝ።

ዳኛው አያ መኮነን ነበሩ፤ ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ገብስና ባቄላ እያፈራረቁ የሚያርሱ ሽማግሌ። ዘርፌ ጀመረች። ዓሣ ነባሪ ዓሣ እንዳልሆነች፣ እንደ ላም ልጇን እንደምታጠባ ተናገረች።

«ማን ያልባታል?» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

አያ መኮነን አልሳቁም። «ዮናስን የዋጠችው አንበሪ ናት?»

«አዎ አያ፣ እሷው ናት።»

ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ይህችን ከምን ጋር ልታስተያይ ነው?»

የሸመደድኩት ሁሉ ጠፋኝ። የቀረኝ ጧት የነቀልኩት ባቄላ ብቻ ነበር። ሥሩ ላይ ካሉት አንዱን እብጠት በጥፍሬ ሰነጠቅሁት፤ ውስጡ እንደ ጥሬ ሥጋ ቀላ። «ባክቴሪያዎቹ እዚህ ነው የሚኖሩት፤ ከአየር ናይትሮጅን ወስደው መሬቱን ይመግባሉ» አልኩ።

አያ መኮነን ሥሩን ተቀብለው አገላበጡት። «ለዚህ ነዋ ባቄላ የነበረበት መሬት ገብስ የሚያምርበት!» ካሉ በኋላ ቀና አሉ። «ከየት ነቀልኸው?»

«ከ... ከእርስዎ ማሳ።»

ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። «አንበሪ ዮናስን ሦስት ቀን አሳደረችው። እነዚህ ግን እኔን ከነቤተሰቤ ዕድሜ ልኬን አሳደሩኝ። ፍርዱ ለባቄላው ነው፤ ሌባው ግን ነገ መጥቶ ያርምልኛል።»

ቅዳሜን ጎንበስ ብዬ ሳርም ዋልሁ። «አሳደሩኝ» ያሏት ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለች፤ የእኔ ደብተር ሙሉ ባሕር እንዲህ ያለች አንዲት ቃል አልነበረውም። ሰኞ ሰልፉ ፊት የቆምኩት ስለዚያ ማሳ አራት ስንኝ ይዤ ነው።

«ባሕሩስ የት ሄደ?» አለችኝ ዘርፌ።

«ደረቀ» አልኳት።

እሸቱን ቀቅለን በላን፤ ሥሩን ጓሮ ወስጄ ቀበርሁት። አያ መኮነን ካረፉ ቆይተዋል። ዓሣ ነባሪ እስከ ዛሬ በዓይኔ አላየሁም፤ እነዚያ የማይታዩት ግን ይኸው እኔንም እያሳደሩኝ ነው።