ዜማውን ተውኩ፤ አልታመምኩም

ሳልታመም ታሟል ብለው ጻፉብኝ። ያውም በመጽሐፍ፣ ያውም ከፎቶዬ ሥር።

ወገኖቼ ላሊበሎች ናቸው። ጎሕ ሳይቀድ ሰው ደጃፍ ይቆማሉ፤ የባለቤቱን ስም ከጎረቤት ይጠይቁና በስሙ እያዜሙ ያሞግሱታል፤ የሰጣቸውን ተቀብለው መርቀው ይሄዳሉ። ይህን ዜማ የተወ ሥጋ ደዌ ይይዘዋል ይባላል። አባቴ ይህንኑ ፈርቶ በክረምት ዝናብ ሳንባው እስኪያልቅ አዜመ። እሱን ቀብሬ ስመለስ ተውኩት። አክስቴ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እንግዲህ ጣትህን እየቆጠርክ ኑር» አለችኝ።

ኖርኩ። ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ዛሬ ጸጉሬ ሸብቷል። ጣቶቼ አሥር ናቸው። በሕይወቴ አንድ ነገር ሠራሁ ካልኩ እሱ ነው፤ ያንን አባባል በራሴ ገላ ውሸት አደረግሁት።

ከዚያ ሦስት ተመራማሪዎች ዘነበወርቅ ያለችው የኪራይ ክፍሌ ድረስ መጡ። አንዱ ሐኪም፣ አንዷ የሙዚቃ ምሁር፣ አንዱ አርክቴክት። የላሊበሎች በሽታ የሚባለው፣ ዜማቸውና ዜማው የሚሰማበት ቤት እንዴት እንደሚገናኙ ነው የሚያጠኑት። ሴትየዋ ማይክ ደቀነችብኝ።

«ትንሽ ብቻ፣ ጋሼ። አንድ ስንኝ።»

«ትቻለሁ አልኩሽ።»

ለምን እንደተውኩ ግን ነገርኳቸው። አርክቴክቱ አጥሩን በሜትር ለካ። ሐኪሙ እጄን ገልጦ እንኳ አላየም፤ እንደተቀመጠ ጻፈ።

በዚያን ጊዜ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። በኋላ ቀራንዮ የማታ ትምህርት ገባሁ፤ ጉልበቴ ከሕፃናት ዴስክ ጋር እየተላተመ ማንበብ ተማርኩ። ሐኪሙ ይህን አያውቅም። መጽሐፉ ሲታተም ዓለም ባንክ ሠፈር፣ በዘበኝነት የምጠብቀው ሕንፃ ድረስ መጥቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ። «ይኸው ፎቶዎ» ብሎኝ ሄደ። አንቱታው አልጎደለም፤ የጎደለው እውነቱ ነው። ከፎቶው ሥር በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ፦ «ዜማውን ካቆመ በኋላ በሥጋ ደዌ የተያዘ ላሊበላ፤ ዘነበወርቅ።»

ዘነበወርቅ የዚያ በሽታ ሆስፒታል ያለበት ሠፈር ነው። ዘሬንና ሠፈሬን ደመሩና በሽተኛ አወጡኝ።

ለአክስቴ አንድ ዘመድ አነበበላት። ደወለች። «አላልኩህም?» አለች። ሐዘን የለባትም፤ ደስ ብሏታል። ልጇ ዜማውን ልተው አልተው እያለ ሲያመነታ ነበር። መጽሐፉን ሰምቶ በማግስቱ ማለዳ ለልመና ወጣ። ያኔ ነው የነደድኩት።

ጎረቤቴ በሽታው ይዟቸው የዳኑ እናት ናቸው። ስንጨረጨር አይተው፣ «እኛን መምሰል እንዲህ አንገሸገሸህ?» አሉኝ።

«እማማ፣ ቢይዘኝ ይዞኛል ብዬ እታከም ነበር። አልያዘኝም።»

«በል ሂድ ንገራቸው። እኔንም ሲይዘኝ ዜማ ትቼ አልነበረም። ዕድሜዬን አዚሜ አላውቅ!» አሉ።

ሐኪሙ ቢሮ ሄድኩ።

«ከሆስፒታል ማስረጃ ያምጡና እናየዋለን» አለኝ።

«ስትጽፉት ማን መረመረኝ?»

«አባባ፣ መጽሐፉ እኮ ታትሟል። ደግሞስ ሠፈርዎ ውስጥ ማን ያነበዋል ብለው ነው?»

«እኔ።»

ሳይመረምር የጻፈውን ሳይመረምር ይሰርዝ አልኩ። ወረቀት ለማምጣት አንዲት እርምጃ አልራመድም። ከዚያ በኋላ ቢሮው አላስገባ አለኝ።

የሐኪሙ ቤት ቀራንዮ ነው፤ ፎቅ፣ ረጅም ግንብ፣ የብረት በር። ማለዳ ሄድኩ፤ ሰው ቤቱ የሚገኝበትን ሰዓት ከአባቴ ተምሬዋለሁ። ዘበኛው የሙያ ወንድሜ ነው። «አንተ ሰው፣ እንጀራዬን አትዝጋብኝ» አለኝ። «በሩን አልነካም» አልኩት።

መጽሐፉ ውስጥ አርክቴክቱ የሣለው ሥዕል አለ። ብረት በር ተጠግቶ የሚጮህ ሰው ድምፁ እዚያው በሩ ላይ ይቀራል፤ ለማዶው ግንብ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ ግን ድምፁ ፎቅ ወዳለው መስኮት ይወጣል። በቀስት አሳይቶታል። ለአባቴ ይህን የነገረው ቢኖር ሳንባው በተረፈ። ጥሩ ጥናት ነው፤ ጥሩውን ጥሩ እላለሁ።

ጀርባዬን ለማዶው ግንብ ሰጥቼ ቆምኩ። የባለቤቱን ስም ከነማዕረጉ ጠራሁ። አላዜምኩም። አነበብኩ። ከፎቶው ሥር ያለችውን ቃል፣ ከዚያ «ውሸት ነው!»፣ ከዚያ እንደገና ቃሏን።

ሚስቱ ነጠላዋን እንደነገሩ ጣል አድርጋ ዳቦ ይዛ ወጣች። «ይመርቁን፣ አባባ።»

«ዳቦ አይደለም እመቤቴ፤ እርማት ነው የምፈልገው።»

ጎረቤቶች በየበሩ ብቅ ብቅ አሉ። አንዱ «ዘንድሮ ደግሞ ላሊበላ በመጽሐፍ መጣ!» ብሎ ሳቀ። ለእሱም አነበብኩለት። ሳቁን ተወ።

ሐኪሙ ጋቢውን እንደለበሰ ወጣ። «ሰው ፊት ያዋርዱኛል?»

«ምን ብዬ አዋረድኩዎት? ያነበብኩት እኮ እርስዎ የጻፉትን ነው።»

«እሺ፣ ፎቶውን እናወጣዋለን።»

«አይወጣም! ፊቴ ይቆይ፤ ቃሉ ይታረም።»

«እስቲ ነገ እንነጋገር።»

«ነገ እዚሁ ነኝ።»

በማግስቱም እዚያው ነበርኩ፤ በማግስቱም። ዘበኛው በርጩማ ማውጣት ጀመረልኝ።

በመጨረሻ ሐኪሙ እሺ አለ፤ ባልተሸጡት መጻሕፍት ሁሉ፣ በዚያች ቃል ላይ ወረቀት ተለጠፈባት። ሲለጠፍ ቆሜ አየሁ። «ዜማውን ከተወ ዘመን ያለፈው ላሊበላ፤ በሽታው ይዞት አያውቅም» ይላል። ማስረጃ አላመጣሁም። አንዱን መጽሐፍ ይዤ ለአክስቴ ልጅ ሄድኩና እናቱ እየሰማች አነበብኩለት። ማለዳ ይውጣ አይውጣ የራሱ ጉዳይ ነው፤ ፈርቶ ግን አይውጣ።

ወረቀቱ የተለጠፈው ሐሙስ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።