እግርሽን አታንሺ

የውድድር አነዳድ የሚያስተምራት ሰውዬ ቁጣው አፍንጫው ላይ ነው። ጋቢና ተቀምጦ፣ ምንም ፔዳል በሌለበት ወለል ላይ ቀኝ እግሩን ይረግጣል። የቀኝ ጫማው ሶል ከግራው ቀድሞ አልቋል፤ የመኪናዋ ምንጣፍም እዚያው ላይ ተበስቷል። መሪ ይዞ ያየው ሰው የለም። መካኒኮቹ መኪና እንዲያስጠጋላቸው እንኳ ሲጠይቁት፣ "እናንተ እጅ የላችሁም?" ብሎ ያባርራቸዋል።

ዛሬ ሦስተኛው ኩርባ መሀል ላይ ፍጥነቱ አስፈራትና እግሯን ከነዳጁ ላይ ድንገት አነሳች። የመኪናዋ ክብደት ወደ ፊት ተደፋ፤ የኋላ ጎማዎቹ ቀለሉና አስፋልቱ አልይዝ አላቸው። መኪናዋ እንደ እንዝርት ሾራ ሣሩ ላይ ቆመች።

"ስንቴ ልንገርሽ!" ብሎ ጮኸባት፤ የአንገቱ ሥር ተገተረ። "ኩርባ ውስጥ ስትፈሪ ነዳጁን ያዢው! መቀነስ ካለብሽ ቀስ እያልሽ ቀንሺ እንጂ አትልቀቂው! ጆሮሽ የት ነው?"

የእሷም ደም ፈላ። "ሰው አይደለሁ እንዴ ጋሼ፣ ፈራሁ! እርስዎ አንድም ቀን ለቀው አያውቁም?"

የደህንነት ቀበቶውን ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አድርጎ አጠበቀው።

"አንዴ ለቅቄያለሁ" አለ፣ ቁጣው ሳይበርድ። "ታናሽ ወንድሜ አሁን እኔ ያለሁበት ቦታ ነበር የተቀመጠው። በይ አስነሺ! ምን ያፈዝሻል?"

ሞተሩን አስነሳች። ሦስተኛው ኩርባ ሲደርሱ ቀኝ እግሩ ከእሷ ቀድሞ ወለሉን ረገጠ፤ ዙሩ እስኪያልቅም አላነሳው።